ሩዙ በዛ፣ ግን ይበላል ወይ?

በ1966 ከፊሊፒንስ አንድ የሩዝ ዝርያ ወጣ፤ አይአር 8 ይባላል። (ወዳጆቼ፣ እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አገዳው አጭርና ጠንካራ ነው፤ ማዳበሪያ ቢበዛለትም አይጋሸብም። በሙከራ ማሳ ላይ በሄክታር ከ9 ቶን በላይ ሰጠ። እስያን ረሃብ ሊጠርጋት ነው እየተባለ በሚፈራበት ዘመን ስለነበር «ተአምረኛው ሩዝ» የሚል ስም ወጣለት። ተአምሩ ግን ድስት ውስጥ ሲገባ ደበዘዘ። ትኩሱን ምንም አይልም፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ፍሬው ሆዱ ላይ ነጭ ነጭ ስለሚል ሲፈተግ ይሰባበራል። የገበሬው ጎተራ ሞላ፤ ገበያ ሲወጣ ግን ገዢው እያገላበጠ አይቶ ዋጋ ይቀንስበት ጀመር።

እኔን የሚማርከኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። «ይህ ሩዝ ይጣፍጣል፣ ያኛው አይጣፍጥም» የሚለውን የምላስ ፍርድ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ወደ ቁጥር መለወጥ ነበረበት። ሰውዬው ቢየንቬኒዶ ሁሊያኖ ይባላል። በ1936 ፊሊፒንስ ውስጥ ሎስ ባኞስ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ በ1959 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ። አገሩ ሲመለስ ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም እዚያው በተወለደባት ከተማ ከተመሠረተ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። በ1961፣ በሃያዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ ሆኖ፣ ተቋሙን ተቀላቀለ፤ እስከ 1993 ድረስም የሩዝን ስታርች ሲያጠና ኖረ። አገሩ ለሳይንቲስቶቿ የምትሰጠውን ከፍተኛውን ማዕረግ ሰጥታዋለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ስታርች ምን ይጠናል? ብላችሁ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ ልነግራችሁ የተቀመጥኩትም ለዚሁ ነው።

የእህል ፍሬ ከክብደቱ አብዛኛው ስታርች ነው። ተክሉ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ነገ ለሚበቅለው ቡቃያ ስንቅ እንዲሆን በጥቃቅን ቅንጣቶች አድርጎ ያከማቸዋል። (እኛ የምንበላው እንግዲህ የሌላውን ልጅ ስንቅ ነው።) ስታርች የሚሠራው ደግሞ ከአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከግሉኮስ። የሩዙም፣ የስንዴውም፣ የጤፉም፣ የማሽላውም ስንቅ ያው ግሉኮስ ከሆነ ታዲያ ገንፏቸው፣ ዳቧቸውና እንጀራቸው ለምን ይለያያል?

ልዩነቱን የሚያመጣው ግሉኮሱ የተያያዘበት መንገድ ነው። መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው። አሚሎዝ በሚባለው ዓይነት ግሉኮሶቹ አንዱ ካንዱ ተራ በተራ ተያይዘው እንደ ክር ይረዝማሉ። አሚሎፔክቲን የሚባለው ግን እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ እያወጣ ይንሰራፋል። በአብዛኞቹ የእህል ዓይነቶች ክሩ ከስታርቹ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል ሲሆን የቀረው ባለቅርንጫፉ ነው። ውሃና እሳት ሲያገኙ የስታርች ቅንጣቶቹ ውሃ እየጠጡ ያብጣሉ፤ ክሮቹም ከቅንጣቱ ሾልከው ወደ ውሃው ይወጣሉ። ገንፎ ስታገነፉ እጃችሁ ላይ ድንገት የሚከብድበት ቅጽበት ይህ ነው። ሲቀዘቅዝ ደግሞ የወጡት ክሮች ጎን ለጎን እየተደረደሩ ይቆላለፋሉ። ስለዚህ ክር የበዛበት ሩዝ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ክር ከሞላ ጎደል የሌለበት ሩዝ፣ ለምሳሌ ላኦስ ውስጥ የዘወትር ምግብ የሆነው ተጣባቂው ዓይነት፣ ከቀዘቀዘም በኋላ ለስላሳና ተጣባቂ እንደሆነ ይቆያል። የአይአር 8 አሚሎዝ ከ25 በመቶ በላይ ነበር። የደረቀበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነበር። ከባዱ ነገር የዘር አዳቃዩ ኑሮ ነው። አዳቃይ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ልዩ ልዩ ተክሎች ይዞ ይነሣል። ከአንዱ ተክል የሚያገኘው ፍሬ ጥቂት ማንኪያ ነው፤ ከዚያችው ላይ ለሚቀጥለው ወቅት የሚዘራውን ማስቀረት አለበት። ሺውን ሁሉ ቀቅሎ፣ ቀማሾች ሰብስቦ፣ «ይኼ እንዴት ነው? ያኛውስ?» እያለ ሊያስቀምስ አይችልም። ቆይቼ በመጨረሻ አስቀምሳለሁ ቢልም አሥር ዓመት ገደማ የለፋበት ዝርያ እንደ አይአር 8 ድስት ላይ ሊወድቅበት ነው። የሚያስፈልገው ከጥቂት ፍሬ ላይ፣ በርካሽ ዕቃ፣ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ናሙና የሚያይ ፈተና ነው። የስታርች ጥራት ተመራማሪ እንጀራ የሚበላው እዚህ ላይ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሰው አፍ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ዛሬ ከማንኪያ ዱቄት ላይ ያነብባል።

መሣሪያው ከጥንት ጀምሮ ነበረ። አዮዲን ስታርች ላይ ሲደረግ ሰማያዊ እንደሚሆን በ1814 ፈረንሳይ ውስጥ ታውቋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አሚሎዝ ውሃ ውስጥ ሲሆን ይጠማዘዛል፤ በጥምዝምዙ መሃል ባዶ ቦታ አለ፤ አዮዲኑ እዚያ ሲሰለፍ ብርሃን ይውጥና ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታየናል። የአሚሎፔክቲን ቅርንጫፎች አጫጭር ስለሆኑ ለአዮዲኑ በቂ ቦታ የላቸውም፤ ቀለማቸው ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል። እንግዲህ ሰማያዊው በደመቀ ቁጥር ክሩ በዝቷል ማለት ነው። ሁሊያኖ በ1971 ያሳተመው ዘዴ ይህንኑ ወደ ቀላል ሥርዓት የለወጠ ነው። 100 ሚሊግራም ዱቄት ይወሰዳል፤ ትንሽ አልኮልና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮበት ይፈላል፤ ይቀጥናል፤ አዮዲን ይገባበታል፤ ሰማያዊነቱም በብርሃን መለኪያ ይነበባል። አለቀ። መቶ ሚሊግራም ማለት ከጥቂት የሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሩዝ ሰዎች ዝርያን የሚጠሩት በዚህ ቁጥር ነው። እስከ 2 በመቶ የሆነው ተጣባቂ ነው፤ ከ10 እስከ 20 ያለው ዝቅተኛ፣ ከ20 እስከ 25 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከፍተኛ። ጃፓኖች ዝቅተኛውን ይወዳሉ፤ በእንጨታቸው ቆንጥረው የሚያነሡት ስለሚያያዝ ነው። ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ውስጥ ብዙ ሰው የሚወደው መካከለኛውን ነው። ደቡብ እስያ ውስጥ ደግሞ ፍሬው ተለያይቶ የሚበተነውን ከፍተኛውን የሚመርጥ ሞልቷል። ለሁሉም ጥሩ የሚባል አንድ ሩዝ እንደሌለ ልብ በሉልኝ፤ ወደ እኛው እንጀራ ስንመጣ ይህ ነጥብ ያስፈልገናል።

ቁጥሩ ግን ሁሉንም አልፈታም። አሚሎዛቸው እኩል ከፍ ያለ ሁለት ዝርያዎች ተቀቅለው አንዱ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል፣ ሌላው እንደለሰለሰ ይቆያል። ይህን ለመለየት ሁሊያኖ ከባልደረቦቹ ከካጋምፓንግና ከፔሬዝ ጋር በ1973 ሌላ ፈተና አወጣ፤ ሳስበው ፈገግ ያሰኘኛል። 100 ሚሊግራም ዱቄት በመስታወት ቱቦ ውስጥ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይበስላል፤ በበረዶ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ቱቦው ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ይተኛል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማስመሪያ ይዞ የረጋው ነገር ምን ያህል እንደተሳበ መለካት ብቻ ነው። ከ40 ሚሊሜትር በታች ከሄደ ጠንካራ፣ ከ60 በላይ ከሄደ ለስላሳ። ማስመሪያ! ከዚያ ቀደም ብሎ አሜሪካኖቹ በ1958 ያወጡት ሦስተኛ ፈተና ደግሞ ጥቂት ሙሉ ፍሬዎችን 1.7 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ለ23 ሰዓት አስተኝቶ ማየት ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የሚበስለው ሩዝ ሟሙቶ ያድራል፤ ብዙ እሳት የሚፈልገው እንደነበረ ይገኛል። አንዱም ፈተና ድስት አያስጥድም፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ግን ስለ ድስቱ ይናገራሉ።

ውጤቱ በ1985 በወጣው አይአር 64 ላይ ታየ። ምርቱ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ አሚሎዙ መካከለኛ ስለሆነ ደግሞ ቀዝቅዞም ይበላል። በወጣ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፈነ። ያን ያህል የተስፋፋው በምርቱ ብቻ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ አይአር 8ም ምርት ነበረው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳይንስ ሁልጊዜ የተደላደለ እንዳይመስላችሁ። በ2009 ሜሊሳ ፊትዝጄራልድና ባልደረቦቿ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ቤተ ሙከራዎች አሚሎዝን እንዴት እንደሚለኩ ሲመረምሩ፣ አንዱ ሩዝ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ የተለያየ ቁጥር ሲሰጥ አገኙት። እያንዳንዱ የሚያነጻጽርበት ናሙና ስለሚለይ ሰማያዊውም ይለያል። እንደ ተራ ነገር የሚታየው «25 በመቶ» ከጀርባው ብዙ ክርክር አለው ማለት ነው።

አሁን ከሩዝ እንውጣ። በሙያው ውስጥ በጣም የምወደው ታሪክ የበቆሎው ነው። በ1908 ሻንጋይ የነበረ አንድ ሚሲዮናዊ ወደ አሜሪካ የበቆሎ ዘር ላከ፤ ፍሬው ሲቆረጥ ሰም የመሰለ ወዝ ነበረው። ኋላ ስታርቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ አሚሎፔክቲን ሆኖ ተገኘ። ክሩን የሚሠራው አንድ ኢንዛይም ነው፤ በዚያ በቆሎ ውስጥ የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ተበላሽቷል። ለዓመታት የተመራማሪዎች መመራመሪያ ብቻ ሆኖ ቆየ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን ጃፓን የደች ኢስት ኢንዲስን (የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ) ያዘች፤ ከካሳቫ የሚሠራው የታፒዮካ ስታርችም አሜሪካ መድረሱ ቀረ። ያን ጊዜ አይዋ ውስጥ አዳቃዮች ያንን የተረሳ በቆሎ አንሥተው ምትክ አደረጉት። ዛሬ ሳይረጋና ውሃ ሳይለቅ የሚቆይ የታሸገ ሾርባና መረቅ ስታዩ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው የዚህ በቆሎ ስታርች ነው።

ውበቱ ግን የአበባው ዱቄት ላይ ነው። የበቆሎ የአበባ ዱቄት ራሱ ስታርች አለው። አንዱን ዘረመል ጤነኛ፣ ሌላውን ብልሹ አድርጎ ከወላጆቹ የወረሰ በቆሎ ውሰዱ፤ የአበባውን ዱቄት በመስታወት ላይ አድርጋችሁ አዮዲን አንጠብጥቡበት። በማይክሮስኮፕ ስታዩት ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቀይ ቡናማ ነው። ሜንዴል አተር እየዘራ ዓመታት ደክሞ የደረሰበት ሕግ ጠብታ አዮዲን ውስጥ በደቂቃ ይታያል። በ1920ዎቹ ይህን መጀመሪያ ያዩት ሰዎች ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልኩ እቀናባቸዋለሁ።

ስንዴ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፤ የዳቦ ስንዴ ያንን ዘረመል በሦስት ቅጂ ነው የያዘው፣ አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይሸፍኑለታል። ጃፓኖች ኡዶን ለሚባለው ወፍራም ፓስታቸው የምዕራብ አውስትራሊያን ስንዴ አጥብቀው ይወዱ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ለረጅም ጊዜ በግልጽ አልታወቀም። በ1990ዎቹ ሲታይ ከሦስቱ ቅጂ አንዱ የጠፋበት ሆኖ ተገኘ። አሚሎዙ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ፓስታው ለስልሶ መለጥ መለጥ ይላል። የበላተኛው አፍ ከዘረመል መርማሪው በፊት ደርሶበት ነበር። ጤፍም በዘረመሉ ድርብ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ለውጥ ቢኖርበት እንኳ ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል።

ስለ መሣሪያዎቹ በአጭሩ ልለፍ። የስዊድኑ የመውደቂያ ጊዜ መለኪያ ዱቄትና ውሃ በቱቦ አፍልቶ አንድ ዘንግ በውስጡ እስኪሰምጥ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ይቆጥራል። ነዶው ላይ ዝናብ መትቶት የበቀለ ስንዴ ስታርቹን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ስለሚያወጣ ዘንጉ ቶሎ ይሰምጣል፤ 300 ሴኮንድ ጥሩ ነው፣ 60ዎቹ ላይ ከደረሰ ለዳቦ አይሆንም። በ1980ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ ለዚሁ ችግር የተፈለሰፈ ሌላ መሣሪያ ደግሞ 3 ወይም 4 ግራም ዱቄት በትንሽ የአሉሚኒየም ጣሳ ውስጥ ከውሃ ጋር እያማሰለ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል፤ በ13 ደቂቃ ውስጥ የውፍረቱን ውጣ ውረድ በመስመር ይስላል። በእርግጥ ገንፎ እያገነፋ የሚጽፍ ማሽን ነው። ከመስመሩ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመን መጨረሻው ነው፤ ሲቀዘቅዝ ውፍረቱ ምን ያህል ዘልሎ ጨመረ?

ምክንያቱም የእኛ ጥያቄ የማግስቱ ነው። ዳቦ ሲያድር ለምን ይደርቃል? «ውሃው ተንኖ ነዋ!» ትላላችሁ። ፈረንሳዊው ቡሲንጎ በ1852 ዳቦ ውሃው ሳይወጣ እንኳ እንደሚደርቅ አሳየ፤ ደግሞም መልሶ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሆላንዳዊው ካትስ ዳቦውን በኤክስሬይ ሲያየው ምክንያቱ ተገለጠ፤ በምድጃ ተበትኖ የነበረው ስታርች እንደገና እየተሰለፈ ነው። ክሩ በሰዓታት ውስጥ ይሰለፋል። ባለቅርንጫፉ ቀስ ይላል፤ ቀናት ይወስድበታል፣ የማግስቱንና የሰልስቱን ድርቀት የሚያመጣውም በዋናነት እሱ ነው።

አሁን ማሽላና ጤፍ። በአንድ ቀን የተጋገሩ የማሽላና የጤፍ እንጀራ በማግስቱ ምን እንደሚሆኑ ለእናንተ አልነግርም፤ የጤፉ ይጠቀለላል፣ የማሽላው ይፈረካከሳል። ከሩዝ በተማርነው ከሄድን «የማሽላው አሚሎዝ በዝቶ ነው» እንላለን። አይደለም! ገረመው ቡልቶሳ ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ከጆን ቴይለር ጋር ሆኖ የጤፍን ስታርች ሲለካ አሚሎዙ ከ25 እስከ 32 በመቶ አካባቢ ሆኖ አገኘው። ይህ እንደ ተራ ማሽላ ነው፤ በሩዝ መመዘኛ ቢሆን ደግሞ «ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል» ተብሎ የሚጣል ቁጥር ነው። የሩዙ ፈተና በጤፍ ላይ ይዋሻል።

ታዲያ ምኑ ነው? በ2002 የታተመው ያ ጥናት ፍንጮች ሰጥቷል። የጤፍ የስታርች ቅንጣት ከ2 እስከ 6 ማይክሮን ብቻ ናት፤ የሺህኛ ሚሊሜትር ጉዳይ ነው፤ የማሽላው ከእሱ ብዙ እጥፍ ይተልቃል። ሲበስል የጤፉ ውፍረት ከበቆሎ ስታርች ዝቅ ይላል፣ ሲማሰል አይበጣጠስም፤ ከሁሉም በላይ ሲቀዘቅዝ የሚጨምረው ውፍረት አነስተኛ ነው። ማለትም እንደገና ለመሰለፍ ይዘገያል። ከስታርች ውጭ ያለውም አይረሳ፤ የማሽላ ፕሮቲን ውሃ የማይወድድና ስታርቹን አጥብቆ የሚከብብ ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው የእንጀራን ልስላሴ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ ፈተና ከሩዝ ሊኮረጅ እንደማይችል ነው፤ ከራሱ ከእንጀራው መነሣት አለበት።

ከእንጀራው የተነሡም አሉ። በ1981 ሕንድ ሐይደራባድ አጠገብ በተካሄደው የማሽላ ጥራት ጉባኤ ላይ ብርሃኔ ገብረ ኪዳንና በላይነሽ ገብረ ሕይወት የማሽላ እንጀራ አዘገጃጀትንና የጥራት መለኪያዎቹን አቅርበዋል። በ1989 መላኩ ኡመታ ከሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጋር የጤፍ እንጀራን በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ እንጀራውን አያይዞ የያዘው የበሰለ ስታርች እንደሆነ አሳየ። ዳቦን ጋዙን ይዞ የሚያነሣው የስንዴ ግሉተን ነው፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። አብሲት የምንጥለውስ ለምን ሆነና? ከቦካው ሊጥ ጥቂት ቀንሰን አፍልተን ስንመልሰው አስቀድሞ የበሰለ ስታርች እየጨመርን ነው፤ ሊጡን የሚያወፍረው፣ አረፋውን የሚይዘው፣ ዓይኑንም የሚያወጣው እሱ ነው። ማንም ኬሚስት ሳይነግራቸው ስታርችን በሁለት ደረጃ ማብሰልን ያወቁ እናቶች ናቸው።

ከዚያም የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከሏ ሰናይት የትነበርክ መጣች። በ2004 ባሳተመችው ሥራ አሥራ ሁለት የማሽላ ዝርያዎችን እንጀራ አድርጋ ጋገረች፤ የሠለጠኑ ቀማሾች ልስላሴውን፣ አጠቃለሉን፣ መፈርፈሩን በነጥብ እንዲገልጹ አደረገች። ጎን ለጎን እንጀራውን በሁለት ድጋፎች ላይ አጋድማ መሃሉን የሚጫን መሣሪያ አስገባችና ለማጉበጥ ስንት ኃይል እንደሚጠይቅ ለካች፤ እንጀራው ሲያድር ኃይሉ ይጨምራል። ዝርያው ልዩነት እንደሚያመጣ ታየ፤ በቀጣዩ ሥራዋም ማሽላውን ፈትጎ መፍጨትና ከጤፍ ጋር መቀላቀል እንደሚያሻሽለው አሳየች። ሁሊያኖ በማስመሪያ የለካውን እሷ በሚጎብጥ እንጀራ ለካችው። ቆላ ላይ ለሚኖር፣ ጤፍ ለሚወደድበት ሰው ይህ የቤተ ሙከራ ጨዋታ አይደለም።

ማቀዝቀዣውን ሳልነግራችሁ ካለፍኩ ትቀየሙኛላችሁ፣ በተለይ ዋሽንግተንና ቶሮንቶ ያላችሁ። ስታርች እንደገና ለመሰለፍ በጣም የሚመቸው ከበረዶነት ትንሽ ከፍ ያለ ቅዝቃዜ ነው፤ ልክ የፍሪጅ ሙቀት። ፍሪጅ ሻጋታን ይከላከላል፣ ድርቀትን ግን ያፋጥናል። በረዶ በሚሠራው ክፍል ውስጥ ግን ውሃው ራሱ ስለሚረጋ መሰለፉ ይቆማል ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ለብዙ ቀን የሚቀመጥ እንጀራ ትኩሳቱ እንደወጣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቀጥታ ወደ በረዶው ይግባ። ወጥቶ ሲሞቅ ባለቅርንጫፉ ስታርች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ መልሶ ይፈታል፤ ይለሰልሳልም። የሞቀው ሲቀዘቅዝ ግን ዳግም ይሰለፋልና የምትበሉትን ያህል ብቻ አሙቁ።

ልጃችሁ ወይም እኅታችሁ ይህን ሙያ ብትመኝ በየት በኩል ትግባ? በኬሚስትሪ፣ በምግብ ሳይንስ ወይም በሰብል ማዳቀል፤ ሦስቱም በር ይከፍታሉ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሐሮማያና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የግብርና ምርምር ማዕከላቱም አሉ። የዕለት ሥራው ዱቄት መመዘን፣ ቱቦ ማጠብ፣ ቁጥር መጻፍ፣ መጋገርና መቅመስ ነው። ከአዳቃይ ጋር የማይነጋገር ኬሚስት ብዙ አይጠቅምም፤ ምጣድ አጠገብ ቆሞ የማያውቅም እንዲሁ። ከሥራው ጥበቦች የምወደው አንዱ የግማሽ ፍሬው ነው። የበቆሎ ፍሬ ለሁለት ይከፈላል፤ ሽል የሌለበት ወገን ለአዮዲኑ ይሰጣል፣ ሽሉ ያለበት ወገን ይቀመጣል። ቀለሙ የተፈለገው ከሆነ ያ የቀረው ግማሽ ይዘራል። ተመርምሮም ይበቅላል።

አዮዲኑን ደግሞ ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ከፋርማሲ ለቁስል የሚሸጠውን ግዙ፤ ቡናማነቱ ወደ ሻይ እስኪመጣ በውሃ አቅጥኑት። የቤታችሁን ሩዝ ፍሬ በቢላ ቁረጡ፤ ከእስያ ሸቀጥ ቤት ተጣባቂ ሩዝ ካገኛችሁ እሱንም ቁረጡ፤ የተቆረጠው ፊት ላይ ጠብ አድርጉበት። ተራው ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ተጣባቂው ቀይ ቡናማ። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴም ጨምሩበት። የጤፉን ፍሬ መቁረጥ ስለማይቻል ዱቄቱን በጥቂት ሙቅ ውሃ በጥብጡት። ልጆች ካሉ ይዩ፤ የተነካውን ግን ማንም እንዳይበላው፣ ጠረጴዛውም ላይ ጋዜጣ አንጥፉ፤ እድፉ አይለቅም።